ጾመኛው ነብር እና የአያቶቼ ቤተ ክርስቲያን

ጳጳስ በማይደርስበት፣ ቀዳሽ ባለቀበት፣ መጽሐፍ የሚያነብ በጠፋበት አገር ቤተ ክርስቲያን አለች ይባላል? ጥያቄው የሰንበት ትምህርት ቤት ክርክር ይመስል ይሆናል። ለጋሞ ሰው ግን የአያቶቹ ጉዳይ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ ጦርነትና እሱን ተከትሎ የመጣው የሕዝብ እንቅስቃሴ ደቡቡን ከመሃል አገር ቆረጠው። በምዕራብ ዓባያ ያለችው ብርብር ማርያም ከዚያ በፊት እንደተተከለች ይነገርላታል። የምኒልክ ጦር እስኪመጣ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አለፈ። ቄስ የሚሾመው ጳጳስ ደግሞ ከግብፅ መጥቶ በንጉሡ አጠገብ የሚቀመጥ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ክህነት ከየት ይመጣል? በብዙው የጋሞ ደጋ የተረፈው መስቀልና የማርያም ስም፣ ከዚያም ጥቂት ልማድ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት መለኪያ ያደግሁበትን ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የካርታጎው ቆጵርያኖስ ቤተ ክርስቲያንንና ጳጳሷን ነጣጥሎ ማሰብ አይቻልም ብሎ አስተምሯል። እኛ ኦርቶዶክሶችም ታቦት ያልገባበትን፣ ቁርባን የማይፈተትበትን ሕንፃ አዳራሽ እንለዋለን እንጂ አንሳለመውም። በዚህ ከሄድኩ ያ ሦስት መቶ ዓመት ባዶ ነው።

ወደ ወንጌላውያኑ መለኪያ ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያን ያመኑ ሰዎች ጉባኤ ናት ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ቅርብ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 የወንጌላውያኑን ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲያባርር ትተው የሄዱት ተጠማቂ ሃምሳ አይሞላም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ምእመን በሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ከዚያው ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያን በእግራቸው ጋሞና ጎፋ ዘለቁ። ያለ ጳጳስም ያለ ፈረንጅም ቆማለች ማለት ነው። እነዚህ ግን በማን እንዳመኑ ያውቃሉ፤ የእኔ አያቶች የመስቀልን ደመራ ሲለኩሱ ስለ ማን እንደሚለኩሱ ያውቁ ነበር? እርግጠኛ መሆን አልችልም። ስለዚህ በዚህኛውም ወደቁ። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ እየተጣሉ አያቶቼን ውጭ በማስቀረት መስማማታቸው ነው መለኪያዎቹን እንድጠረጥር ያደረገኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነብር ገባብኝ። ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ዳን ስፐርበር እዚያው ጋሞ ደጋ ላይ ባለው ዶርዜ ተቀምጦ ሲያጠና ነብር ክርስቲያን እንደሆነ፣ ረቡዕና ዓርብንም እንደሚጾም ነግረውታል። ይህን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። ዶርዜው ግን በጾም ቀንም ፍየሉን ከመጠበቅ አልቦዘነም፤ ነብሩ ይጾማል፣ ነብሩ ዘወትር አደገኛ ነው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ስቄ ሳልጨርስ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። በየቅዳሴው ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ናት ብለን እንመሰክራለን፤ ሙዳየ ምጽዋቱን ግን እንቆልፋለን። አውግስጢኖስ ከዶናቲስቶች ጋር የተከራከረው በዚሁ ነበር። እነሱ ንጹሐን ብቻ የሚቀሩባት ቤተ ክርስቲያን ፈለጉ፤ እሱ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ አጨዳ አብረው ይቆያሉ አለ። ቅድስናዋ ከአባላቷ ጠባይ የማይመነጭ ከሆነ ከአባላቷ እውቀትም ላይመነጭ ይችላል። ይህ ግን በር ይከፍታል እንጂ አያቶቼን አያስገባም።

ጨንቻ በአንዲት የዘመድ ቀብር ላይ ያየሁት ሐሳቤን ከታሪክ ወደ ዛሬ መለሰው። ሟቿ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ጴንጤ። ልጆቹ አስከሬኑን ተሸክመው እስከ ቅጽሩ በር መጡ፤ በሩ ላይ ለሰበካው ወጣቶች አስረክበው ውጭ ቀሩ። የከለከላቸው የለም። ታላቁ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ በአጥሩ ክፍተት ያይ ነበር። ውስጥ ፍትሐት ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሰዓት ከአጥሩ በየት በኩል ነበረች?

ማቴዎስ ምዕራፍ 18ን ደግሜ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው በስሙ የሚሰበሰቡትን የሚያነሣውን ቃል ሁላችንም ለጸሎት ጉባኤ እንጠቅሰዋለን። ቃሉ ያለው ግን ወንድም ወንድሙን ሲበድል ምን ይደረግ በሚለው ትምህርት መካከል ነው፤ አልሰማ ያለው ለቤተ ክርስቲያን ይነገር የተባለውም እዚያው። ወንጌሉ ቤተ ክርስቲያንን በስም ከሚያነሣባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የጠብ ጉዳይ ነው!

ጋሞ ይህን ሲሰማ ዱቡሻን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ጠብ የሚያበርድበትን አደባባይ ያስባል። እኔም መስከረም 2011 ዓ.ም. አሰብኩ። አዲስ አበባ አጠገብ፣ በኦሮሚያዋ ቡራዩ ጋሞዎች መገደላቸው ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሽማግሌ የያዘውን ሣር አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቱ ተመለሰ፤ በከተማው የሚኖሩት ኦሮሞዎች ንብረትም ተረፈ።

ያች ቤተ ክርስቲያን ነበረች ለማለት ቸኩዬ ነበር። አንድ ቄስ አቆሙኝ፦ «ልጄ፣ ዱቡሻ ከክርስትና በፊትም ያስታርቅ ነበር። እርቅ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ክርስቶስ ለምን ተሰቀለ?» እውነታቸውን ነው። ዱቡሻው ጎሜ፣ ማለትም ነውር መጣስ የሚያመጣው መዓት፣ አገር እንዳያጠፋ ያስታርቃል፤ በማን ስም እንደሚሰበሰቡ መጠየቁ ትርፍ ነገር አይደለም። እኔም መለስኩላቸው፦ «አባታችን፣ በስሙ ተሰብስበን ሳንታረቅ ብንቀርስ?» ዝም አሉ፤ ቆይተው የጨንቻዋ ሟች ልጆች ለእናታቸው አርባ ይመጡ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስለ አያቶቼ ዛሬ የምለው ይህን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሆና ነበረቻቸው አልልም፤ ጥምቀትና ቁርባን ለሌለው ይህን ማለት ሥጋዬ ስለሆኑ ማድላት ይሆናል። አልነበረቻቸውም ለማለት ደግሞ ከአጥሩ በየት በኩል ቆሜ እንደምናገር መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ።