የቁርጥ ቀንና የዘወትር ቀን

ማናቸውም ዕቃ ሠሪ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለሁለት ቀኖች ይሠራል። አንደኛው አልፎ አልፎ የሚመጣው የቁርጥ ቀን ነው፤ ሁለተኛው ፀሐይ በወጣች ቁጥር የሚመጣው የዘወትር ቀን ነው። ጋሻ የሚሠራ ለቁርጥ ቀን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ለዘወትር ቀን መሥራቱ የታወቀ ስለሆነ በሁለቱ ዘንድ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው አንድ ዕቃ ለሁለቱም ቀን እንዲበቃ በተፈለገ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለአንዱ ቀን የተጨመረው ብርታት ከሌላው ቀን ላይ የተቀነሰ ይሆናል፤ ሠሪውም ሳይወድ በግድ ከብረትና ከመፍቻ አልፎ ወደ ሥነ ምግባር ጥያቄ ይገባል። አሮጌ ፒካፕ መኪናን ለገደልም ለገበያም እንዲሆን አድርጎ የማደስ ሥራ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል።

ጥያቄው እንደ ጋይንት፣ እንደ ስማዳና እንደ እስቴ ባለ አገር የተለየ ክብደት አለው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በአንድ ወገን እስቴን፣ በሌላው ወገን ጋይንትን ይመለከታል። ከዚያ አገሩ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ስማዳም ሲደርስ ዓባይና በሽሎ ድንበር ያበጁለታል። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ በብርድ ተቀምጣ ሳለ የስማዳ ቆላ ከ1,500 ሜትር በታች በሙቀት ይግላል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በቻይና እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው የወልዲያና የወረታ መንገድ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። ነገር ግን ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርድ መኪና የሚጠብቀው በበጋ ኮረት፣ በክረምት ጭቃ፣ በየሸለቆውም ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው።

እንዲህ ባለ አገር አሮጌ መኪና የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ባለ 70 ተከታታይ ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር፣ በኋላም የተገጠመለት ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ናፍጣውን የሚረጨው በመካኒካዊ ፓምፕ እንጂ በኮምፒዩተር ስላልሆነ በመፍቻና በጆሮ ሊጠገን ይችላል። መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ያውቃል። ከዚህም ሌላ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ማደስ የድህነት ምልክት ብቻ ሳይሆን አስተዋይነትም ሆኗል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የተገዛ ካምቢዮ፣ ከምን አለሽ ተራ የተለቀመ ብሎን፣ በባቱራ የተቃና ካቢና ተሰባስበው የሞተውን ያስነሣሉ።

እድሳቱ ሲጀመር ግን ሁለቱ ቀኖች መሟገት ይጀምራሉ። ባለ መኪናው ድንጋዩን ይለፍልኝ ብሎ መኪናውን ከባሌስትራው ላይ ከፍ ያስደርገዋል፤ በእርግጥም ድንጋዩን ያልፋል፤ ነገር ግን የክብደቱ ማዕከል ወደ ላይ ስለ ወጣ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ይሆናል፤ ኃይል የሚያስተላልፈውም ዘንግ አለቅጥ ስለሚያዘነብል ክሮቼራው ቶሎ ይበላል። ጭነት ይቻልልኝ ብሎ በባሌስትራው ላይ ብረት ያስደርባል፤ ጭነቱንም ይችላል፤ ባዶውን በሄደ ቀን ግን ካሶኒው ላይ የተሳፈረውን ሽማግሌ አጥንቱን ይፈጨዋል። ጭቃውን ይቅዘፍልኝ ብሎ ትልልቅ ጎማ ያስገባል፤ ጎማውም ይቀዝፋል፤ ዳሩ ግን ሞተሩ በዳገት ይደክማል፣ ፍሬኑ የቀድሞውን ያህል አይዝም፣ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነቱ አሳንሶ ይናገራል። ሞተሩ ራሱ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን እንደሚያጣ ሲታሰብ፣ በጨጨሆ አፋፍ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ብረት ስንት እንደሚያስከፍል መገመት አያዳግትም።

የቁርጥ ቀን ጠበቃ ክርክር ቀላል አይደለም። በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ እስከ መንገድ ደርሳ ወንዙ ሞልቶ በተገኘ ሌሊት፣ ያን ወንዝ የሚሻገር መኪና ሕይወት ነው፤ የማይሻገረው ደግሞ የተቀባ ላሜራ ነው። የአንድ ሌሊት ሕይወት በሚዛን ቢቀመጥ የሦስት መቶ ቀን ምቾት ሊያነሣው ይችላልን? የዘወትር ቀን ጠበቃም መልስ አለው። ያ መኪና በዓመት አንድ ሌሊት ወንዝ ሲሻገር፣ በቀሩት ቀኖች ግን እህል፣ ተማሪና ነጋዴ ጭኖ በጠባብ መንገድ በሕፃናትና በከብት መካከል ያልፋል። ለአንዷ ሌሊት ተብሎ የደከመው ፍሬን በአንዱ የገበያ ቀን የስንቱን ሕይወት እንደሚጠይቅ ማን ቆጥሮታል?

ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ የብረቱን ነገር ትቶ የታሪክን ምስክርነት መጥራት ይጠቅማል፤ ምስክሩም ሩቅ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ሴባስቶፖልን አስወቅረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሠረገላ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ ጋይንትን አቋረጠ፤ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጣ። ስድስት ወር ያህል በፈጀው በዚህ ጉዞ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያስቆርጡ እንደነበር ተመዝግቧል። ከዚህ የበለጠ ለቁርጥ ቀን የተሠራ ነገር በአገሪቱ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ዕቅዱ፣ ብልኀቱ፣ ላቡ ሁሉ ለአንዲት ቀን ነበር። ነገር ግን ለዚያች ቀን የተከፈለውን ዋጋ የከፈለው ማን ነበር? እህሉ የተዘረፈበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ በመጨረሻም ከንጉሡ ልቡን ያራቀው የበጌምድር ገበሬ ነበር። ቀኗም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ስትመጣ መድፉ ንጉሡን አላዳነም። ይባስ ብሎ በጅዳ ሸለቆ የተቆረጠው መንገድ፣ የሚሄድበትን ሳይመርጥ፣ የጄኔራል ናፒየርንም ጦር ወደ መቅደላ አሳለፈ።

ይህ ማለት የቴዎድሮስ ሕልም ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ሕልሙ ታላቅ በመሆኑ ነው ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ላይ የሚጎበኘው፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ አደባባይ የቆመው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ብርታት የሚመዘነው በሚያነሣው ሸክም ልክ ብቻ ሳይሆን፣ ሸክሙን በማን ጫንቃ ላይ እንዳሳረፈውም ጭምር ነው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ የአዲስ አበባው «ውይይት» አለ። ፔጆ 404 ፒካፕ ለጭነት የተሠራ መኪና ነበር። የከተማው ሰው ግን ካሶኒውን ሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ገጥሞ፣ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አስቀመጠው፤ በአብዮቱ ዘመን የውይይት ክበብ ሰዎች እንደሚቀመጡት ስለ ተቀመጡም ስሙን ውይይት አለው። ይህ ለውጥ ስለ ጀግንነት የሚነገርለት አይደለም። ቢሆንም ሠራተኛውን ወደ ሥራው፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዘመን አመላልሷል። እድሳት ከሚያገለግለው ሰው መነሣት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሌላም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ ካቢናው ከሦስተኛው መኪና የመጣለት ፒካፕ፣ ያው የቀድሞው መኪና ነውን? ሕግ መልስ አለው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ይመለከታል። ፈላስፎች ግን በቀላሉ አልተስማሙም። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን እያወጡ አዲስ እየተኩ ባቆዩዋት ጊዜ፣ «ያቺው ናት፣ ያቺው አይደለችም» እያሉ ተከራክረዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሆብስ፣ የወጡት አሮጌ ሳንቃዎች ተሰብስበው ሌላ መርከብ ቢሠራባቸውስ ሲል ጥያቄውን አከበደው።

የጋይንት ሰው ለዚህ ጥያቄ በደጁ ምስክር አለው። የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተልሔም፣ ክብ የሣር ክዳን ካለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዚያ የቀደመ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለው ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ውስጥ ገብቶ ባየው ጊዜ ለውጭው ዓለም እንደ ግኝት ቆጠረው፤ ለካህናቱ ግን የየዕለቱ መቅደሳቸው ነበር። አዲሱ ክብ አሮጌውን አላፈረሰውም፤ ከዝናብ ጠበቀው እንጂ። ሣሩ ስንት ጊዜ ቢቀየር አገልግሎቱ ስላልተቋረጠ ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው። መኪናም እንዲሁ ነው። ማንነቱ በሻንሲው ቁጥር ላይ ቢጻፍም፣ የሚጸናው ግን ባልተቋረጠው አገልግሎቱ ነው። ለታይታ ተብሎ ከፍ የተደረገና ጭነት የማይነካው ፒካፕ እያንዳንዱ ብሎኑ የፋብሪካው ቢሆን እንኳ የቀድሞው መኪና አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ጠበቆች መመለስ ይገባል። በእርግጥ ቀኖቹ የተጣሉትን ያህል አልተጣሉም። በሞላ ወንዝ ዳር መኪና ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ያቆመው የወንዙ ጥልቀት አይደለም። ከወር በፊት መለወጥ ሲገባው ያልተለወጠ ቀበቶ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ የራዲያተር ጎማ፣ እየጮኸ የተናቀ ኩሽኔታ ነው። በቁርጥ ቀን የሚሰበረው አስቀድሞ በዘወትር ቀን የተሰበረው ነው። ስለዚህ የአዳሹ የመጀመሪያ ግዴታ ከፍ ማድረግና ማግዘፍ ሳይሆን፣ ማንም የማያየውን ፍሬን፣ ዘይትና ቧንቧ ማሰናዳት ነው። ይህን ያደረገ ለሁለቱም ቀን ሠርቷል።

ሁለቱ በእውነት የማይታረቁበት ቦታ ግን ይቀራል፤ ይህን መሸፋፈን ሐቀኝነት አይሆንም። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት «ለዚህ ብርታት ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ነው። ዋጋው የባለ መኪናው የራሱ ናፍጣና የራሱ ወገብ ከሆነ ምርጫው የእርሱ ነው። ዋጋው ካሶኒው ላይ የተሳፈረችው እናት ወይም በመንገድ ዳር ከብት የሚጠብቀው ሕፃን ከሆነ ግን፣ እነርሱ ያልመረጡትን ብርታት በእነርሱ ሕይወት መግዛት አይገባም። በዚህ ሚዛን የፈረደ ሰው ከነፍስ ዕዳ ሁሉ ነጻ ይሆናል ማለትም አይደለም። ያላስከፈተው ከፍታ አንድ ሌሊት ወንዝ ዳር ሊያቆመው፣ የምጥ ቃሬዛም በሰው ትከሻ ሌላ መሻገሪያ ፍለጋ ሊዞር ይችላል። ይህን እያወቀ፣ ለሚበዙት ቀኖችና ድምፅ ለሌላቸው ተሳፋሪዎች ወስኖ ብሎኑን የሚያጠብቅ መካኒክ ከባድ ፍርድ ፈርዷል። ይህ መካኒክ ሌሊቱን ሲነጋ ከትከሻ ሸክም የሚያሳርፈው ድልድይ እንዲሠራ ከጎረቤቶቹ ጋር ድንጋይ ለማንሣት ከወጣ ደግሞ፣ የጀመረውን እድሳት ፈጸመው ሊባል ይችላል።