ሰደቃ ወይስ ሐቅ?

በቴሌቪዥን ለችግረኞች እርዳታ ሲጠየቅ «በስክሪኑ ላይ በምትመለከቱት የሒሳብ ቁጥር አስገቡ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ቁጥሩ ግን አይነበብም። እስቲ ይህን ጥሪ የሰማን አንድ ዓይነ ስውር ወንድማችንን እናስብ። ሁልጊዜ ተቀባይ አድርገን የምናየው ይህ ሰው መስጠት ይሻል፤ ገንዘቡም አለው፤ ያጣው ቁጥሩን የሚያነብለት ብቻ ነው። መስማት የተሳናት እህታችንም የዲን ትምህርት ፈልጋ ቪዲዮ ስትከፍት ጽሑፍም የምልክት ቋንቋም ስለሌለው የሚንቀሳቀስ ከንፈር ብቻ ታያለች።

«ወጪው ብዙ፣ ተጠቃሚው ጥቂት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ወገኖች ጉዳዩን ሲመቸን የምንሰጠው ሰደቃ አድርገውታል። በእርግጥ ሰደቃ ነውን?

ውድ አንባቢያን፣ የሱረቱ ዐበሰን መውረጃ ምክንያት እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም ለማምጣት በሚጥሩበት ሰዓት ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጡ። የመጡት ምጽዋት ፈልገው አልነበረም፤ ዕውቀት ፈልገው እንጂ። ነቢዩ ፊታቸውን ወደ ታላላቆቹ በማዞራቸው ከአላህ ወቀሳ ወረደ። ዓላማቸው መልካም ነበር። ሆኖም የአንድ ዕውቀት ፈላጊ ሐቅ በታላላቆች ተስፋ አልተሻረም። እኚሁ ሰው ኋላ የመዲና ሙአዚን ሆነዋል፤ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም ከተማዋን በአደራ ተረክበዋል።

ዓለማዊው ሕግም መብት ይለዋል። በ1999 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 መረጃ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል።

እርግጥ ነው፣ ንግግርን በጽሑፍ ማስፈር ሰዓታት ይፈልጋል። አማርኛ ማንበብ ለማይችል መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚውም ሊከፈለው ይገባል። ግን ካሜራውና መብራቱስ ያለ ገንዘብ ተገኝተው ያውቃሉን? የእነርሱን ዋጋ ሰደቃ ያለው ማንም የለም። ቁጥርን ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ነገ አላህ ፊት ስንቆም «ተናግረዋል፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም» ብለው ቢከሱን «ጥቂት ነበራችሁ» ብለን እንመልስ ይሆን? አላህ የሰውን ሐቅ ከማያስቀሩት ያድርገን።