የበቀቀን ስድብ ዕዳው የማን ነው?

በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር አውራጃ ከሰው ቤት የተሰናበቱ በቀቀኖች የሚጠለሉበት የአራዊት ሥፍራ አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አምስት ዐመድማ በቀቀኖች ከአምስት ልዩ ልዩ ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰጥተው ወደዚህ ሥፍራ ገቡ። ጠባቂዎቹም አዲስ መጪ ወፍ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀልምና አምስቱን ለብቻቸው በአንድ ክፍል አኖሯቸው። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ክፍሉ በስድብ ተሞላ። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ይሥቃል፤ ሣቁም ከሰው የተማረው የሰው ሣቅ ነው፤ ያንን የሰማው ሦስተኛው ደግሞ የራሱን ስድብ ይጨምራል። ጠባቂዎቹንም ከመቈጣት ይልቅ መሣቅ ቀደማቸው። በኋላ ወፎቹ ለጐብኚ በተገለጡ ጊዜ ያንኑ በአደባባይ ስለ ደገሙት፣ ሕፃናት ይሰማሉ ተብሎ ከሰው ፊት ተነሡ፤ እርስ በርሳቸውም እንዲለያዩ ተደረገ።

ይህ ወሬ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ብዙ አንባቢ ሥቆ አለፈ። ይሣቅ፤ የሚያሥቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ በልብ የሚቀር ጥያቄ አለ። ስድብ ነውር ከሆነ ባለቤት የሌለው ነውር የለም፤ እንግዲህ የዚህ ነውር ባለቤት ማን ነው? ቃሉን ያወጣው ወፍ ነውን? በቤቱ ሲቈጣና ሲራገም ለወፉ ያሰማው የቀድሞ ጌታው ነውን? ወይስ ስድቡን ሰምቶ በመሣቁ «ድገመው» ያለው ሰሚ ነው? ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ነጻ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን የወፉን ጠባይ ጥቂት ለመረመረ ሰው ፍርዱ እንዲህ በቶሎ የሚቈረጥ አይደለም።

ዐመድማው በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪቃ ደን ልጅ ነው፤ መላ አካሉ ዐመድ መስሎ ጅራቱ ብቻ እንደ ፍም ይቀላል። ብቻውን መኖር አይሆንለትም፤ በመንጋ ይበራል፣ በመንጋ ያድራል። ቅጠል በጠቈረበት ደን ዐይን ባልንጀራን ስለማያገኝ ድምፅ የዐይንን ሥራ ይሠራል፤ አንዱ ሲጣራ ሌላው ከመለሰ መንጋው አልተበተነም ማለት ነው። በቬኔዝዌላ በሚኖር አንድ ትንሽ የበቀቀን ወገን ላይ የተደረገና በ2011 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ደግሞ ጫጩት ከጎጆ ሳይወጣ ከወላጆቹ የሰማውን ድምፅ ተምሮ መጠሪያው እንደሚያደርገው አሳይቷል። እንግዲህ ለዚህ ወገን የሌላውን ድምፅ መድገም ቀልድ አይደለም፤ ወገን መሆኛ ነው። ይህ ወፍ ከመንጋው ተለይቶ በአንድ ቤት በሽቦ ቀፎ በተዘጋ ጊዜ የቤቱ ሰው መንጋው ይሆንለታል። የሰውንም ቃል የሚለምደው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ከሚሰማው ሁሉ ፈጥኖ የሚይዘው በጋለ ስሜት የተነገረውን ሲሆን፣ ሰው ደግሞ በቤቱ ከምርቃት ይልቅ በእርግማን ይግላል።

በአማርኛ «እንደ በቀቀን ደገመው» ማለት ሳያስተውል ተናገረ ማለት ነው፤ ለተማሪ የሚሰጥ መናቂያ ስም ነው። በዚህ አነጋገር ወፉ ሰም ብቻ ያለው ወርቅ የሌለው ቅኔ ሆኖ ይቈጠራል። ፍርዱ ግን ለወፉም ለተማሪውም ጥቂት ይከብዳል። በንባብ ቤት ያለ ሕፃን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ከዳር እስከ ዳር ያነበንባል፤ ትርጓሜው የሚመጣለት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለብዙዎችም ከቶ ሳይመጣ ይቀራል። ይሁን እንጂ ንባቡ ከንቱ ነው ያለ መምህር የለም፤ ቃል በአፍ ተቀምጦ ትርጓሜውን ሊጠብቅ ይችላልና።

በቀቀንስ እስከ ትርጓሜ ይደርስ እንደ ሆነ የመረመሩ አሉ። አይሪን ፔፐርበርግ የሚባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ1977 ዓ.ም. በቺካጎ ከአንድ ወፍ ሻጭ ዘንድ የአንድ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ዐመድማ በቀቀን ገዝተው አሌክስ ብለው ሰየሙት፤ ሠላሳ ዓመት ያህልም አስተማሩት። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፤ በወፉ ፊት ሁለት ሰዎች ይቀመጡና አንዱ ዕቃ እያሳየ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይመልሳል፤ በትክክል የመለሰ ዕቃውን ይወስዳል። ወፉም ቀንቶ ወደ ጨዋታው ይገባል። ይህ ለጉባኤ ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተማሪ ከመምህሩ ቍጣ ይልቅ በባልንጀራው ቅንዓት ይማራልና። አሌክስ መቶ ያህል ቃላት ዐወቀ፤ ቀለሙንና ቅርጹን ለየ፤ እስከ ስድስት ቈጠረ። ሁለት ዕቃ አሳይተው በምን እንደሚመሳሰሉ ሲጠይቁት በቀለም ወይም በቅርጽ ወይም ከተሠሩበት ነገር አንጻር መሆኑን ይናገር ነበር፤ የሚያመሳስላቸው ካጣም «ምንም» ይላል። «ምንም» ማለት ቀላል እንዳይመስል፤ የሌለውን ነገር መጥራት ነውና።

ከዕለታት አንድ ቀን ይኸው አሌክስ የሊቂቱን የቡና ስኒ ሰበረ። እርሳቸውም ተቈጥተው ጮኹበት፤ ወዲያው ግን በወፍ ላይ መጮኽ ምን ይረባል ብለው ጐንበስ አሉና ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ አሌክስ ባጠፋና ሰው በተቈጣው ጊዜ ይቅርታ ማለት ለመደ። ይህ ይቅርታ ምንድር ነው? ልቡ ተሰብሮ ነው ለማለት ሊቂቱ ራሳቸው አልደፈሩም። ነገር ግን ከንቱ ድምፅም አይደለም፤ ቃሉ ቍጣን እንደሚያበርድ ዐውቋል፣ በጊዜውም አውጥቶታል። የቃሉን ሥራ ዐውቆ የቃሉን ሸክም አላወቀም ቢባል ሳይቀርብ አይቀርም። (ሸክሙን ሳያውቅ በዚህ ቃል የሚሠራ ፍጥረት ወፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሓ አባቶች እንዴት ባረፉ ነበር!)

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ክርክር ይነሣል። ወፉ ስለ ስድቡ አይጠየቅም፣ አያውቅምና ብለን ከነውር ነጻ ካወጣነው ስለ በጎ ሥራውም ምስጋና ልንከለክለው ነው፤ ያለ ኃጢአት ያለው ሁሉ ያለ ጽድቅም ይቀራልና። ዳሩ ግን በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ የታተመ ሌላ ምርመራ ነገሩን አወሳሰበው። ሁለት ዐመድማ በቀቀኖች በሚተያዩ ሁለት ክፍሎች ይቀመጣሉ፤ ለአንደኛው እንደ ገንዘብ በምግብ የሚለወጥ ትንሽ ቀለበት ይሰጠዋል፣ ነገር ግን የርሱ መለወጫ መስኮት ተዘግቷል፤ የጎረቤቱ ክፍት ሆኖ ቀለበት የለውም። ያለው ወፍ ለሌለው ቀለበቱን በመንቈሩ አሳልፎ ይሰጠው ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኘው ዋጋ ሳይኖር። ሌላ ወገን በቀቀን በዚሁ ፈተና ሲፈተን እንዲህ አላደረገም። ስለዚህ መስጠቱን ከበጎነት ቈጥሮ ስድቡን ካለማወቅ መቍጠር ማዳላት ነውን? አይደለም። ወፉ የጎረቤቱን ማጣት በዐይኑ አይቷል፤ የተሰደበው ሰው እናት ግን በፊቱ የለችም። የሚያየውን ባልንጀራ የሚረዳ ፍጥረት የማያየውን ስለ ሰደበ ክፉ አይባልም። ሰው የሚከሰሰው ያላየውን እናት በልቡ ማየት ስለሚችል ነው።

ይህ ከሆነ የስድቡ ዕዳ ወደ ጌታውና ወደ ሣቂው ይመለሳል። ነገር ግን በነዚህ መጠለያዎች ውስጥ የሚታየውን ኑሮ ላየ ሰው የስድቡ ዕዳ ከዕዳዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። የመከራው ሥር ሌላ ነው። ዐመድማ በቀቀን በሰው እጅ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ጫጩት ሲገዛ ለልጆቹ የሚተርፍ ውርስ መግዛቱን አያስብም። በሰው እጅ እየጐረሰ ያደገ ጫጩት መጀመሪያ የቤቱ ሁሉ መጫወቻ ነው። ለአቅመ ጥንድ በደረሰ ጊዜ ግን ከቤቱ ሰው አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውን እንደ ትዳር ጓደኛው ይይዘዋል፤ የቀሩትን ይነክሳል። በዚህ ላይ ሕፃን ይወለዳል፣ ወይም ጎረቤት በጧትና በማታ ጩኸቱ ይከሳል፣ ወይም ጌታው ይሞታል። ወፉም ይሰጣል፤ ከተሰጠበትም ሌላ ጊዜ ይሰጣል።

ብቸኝነት የጸናበት በቀቀን የገዛ ላባውን ይነቅላል። ደረቱና ጭኑ እንደ ተላጨ ዶሮ ሥጋው ሲታይ ራሱ ብቻ ሙሉ ላባ ለብሶ ይቀራል፤ መንቈሩ ወደ ራሱ አይደርስምና። የመጠለያ ጠባቂ የሚያውቀው ይህን ሁሉ ነው። ጧት ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ይከትፋል፤ ወለሉን ያጥባል፤ መንቈር ሥራ እንዳይፈታ የሚሰነጠቅ እንጨት ይሰቅላል፤ አዲስ የመጣው ወፍ ከጥግ ወጥቶ ከእጁ እስኪበላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። በዚያ መካከል የድሮ ቤቶች ድምፅ ይሰማል። ስልክ ይደወላል፣ ስልክ ግን የለም። የበር ማጠፊያ ይንሲያጠጣል፤ ያረጀ ሰው ሳል ይሰማል፤ ከሞተ ሰው ጕሮሮ የወጣ ቃል ከወፍ ጕሮሮ ይመለሳል። በቀቀኑ ቃሉን የተማረው ሊመለስለት ነበር፤ ይጣራል፣ የሚጠራው ሰው ግን አይመልስም። ይህን ላየ ሰው ወፉን ስድብ ከማስተማር ይልቅ ፍቅር አስተምሮ መተው ይከብዳል።

ታዲያ ቀፎውን ከፍቶ መልቀቅ አይሻልምን የሚል ይኖራል። ነጻነት የሚለው ቃል ጆሮን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በቀፎ ተፈልፍሎ ያደገ ወፍ የደኑን ፍሬ አይለይም፣ ከአሞራ መሸሽን አልተማረም፣ የመንጋውንም ጥሪ አያውቅም። የእንግሊዝ ክረምትም አገሩ አይደለም። ያገሩ ደን ደግሞ ባዶ እየሆነበት ነው፤ በጋና ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ዐመድማው በቀቀን ከመቶ ከ90 እስከ 99 እጅ እንደ ቀነሰ መርማሪዎች ጽፈዋል፤ ምክንያቱም የደን መመንጠርና ለቀፎ መታደን ነው። በ2016 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ከዱር የተያዘውን በአገሮች መካከል ለንግድ መለዋወጥ ከልክለዋል፤ ክልከላው ግን ቀድሞ በቀፎ ላለው መንጋ አይመልስለትም። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በጥድና በዝግባ ደን ውስጥ፣ በሌላ አገር የማይገኝ ራሱ ቢጫ የሆነ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ በመንጋ እየተጠራራ ሲያልፍ የሰማው ሰው በጩኸቱ ውስጥ ስድብም ምርቃትም አያገኝበትም። ሁሉም ቃሉ ለባልንጀራው ነው።

የተተወ ወፍ የሚመልስለት ያገኘበት ስፍራ ግን አልታጣም። በ2005 ዓ.ም. ሎሪን ሊንድነር የሚባሉ የሥነ ልቡና ዐዋቂ በሎስ አንጀለስ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች በሚታከሙበት ግቢ ውስጥ የበቀቀን መጠለያ አቋቋሙ፤ ወታደሮቹም የወፎቹ ጠባቂዎች ሆኑ። ለሐኪም ያልተናገሩትን ለወፍ ያወሩ ነበሩ። በቀቀን በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል፣ ያላመነውን አያስጠጋም፤ ከጦር የተመለሰ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ድንጋጤ ማብራሪያ ሳይጠይቅ ያውቅለት ነበር። እዚያ ማን ማንን እንደ ጠበቀ መለየት ያስቸግራል።

ወደ ሊንከንሻየሮቹ ስንመለስ፣ ተሳዳቢዎቹ ከጊዜ በኋላ ስምንት ሆኑ። ለይቶ ማኖር መንጋ ለሚሻ ፍጥረት ቅጣት ነውና በ2024 ዓ.ም. በጥር ወር ጠባቂዎቹ ስምንቱን ስድብ ከማያውቁ 92 በቀቀኖች ጋር ሊቀላቅሉ ቈረጡ። ብዙኃኑ ጥቂቶቹን ያርማሉ ብለው ተስፋ አደረጉ፤ ጥቂቶቹ ብዙኃኑን ያስተምሩ ይሆናል ብለውም ሠጉ። ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረውን ተረት አንባቢ ያውቀዋልና እዚህ መድገሙ ክብር አይሆንም። ወፎቹ በሣጥን ሆነው ሲጓጓዙም ከሣጥኑ የሚወጣው ቃል ጠባቂዎቹን ያስደነገጠ ነበር ይባላል። በመጨረሻም በግቢው ወፎቹ እንደሚሳደቡ የሚያስጠነቅቅ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቀለ። የሥፍራው ኀላፊ ስለ ስድቡ አቤት ያለ አንድም ጐብኚ እንዳልመጣ ተናገሩ። የሚሰማው ይልቁን ጐብኚዎቹ በሽቦው ፊት ቆመው፣ ወፎቹ ይመልሱ እንደ ሆነ፣ ሲሳደቡ ነው።