«ኔ» እና «እሺ»

«ኔ» በእኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል ነው። አቴንስ ላይ «አዎ» ማለት ነው፤ ድንበር ተሻግረን ሶፊያ ስንገባ «አይ» ይሆናል። ኢስታንቡል «ምን?»፣ ሴኡል ደግሞ ተመልሶ «አዎ»።

ሶፍትዌር ስለምሠራ፣ «ኮድስ እንዲህ አይወላውልም» ትሉኝ ይሆናል። ይወላውላል እንጂ! በሲ ቋንቋ 0 «ሐሰት» ነው፤ ሊነክስ ላይ ግን ፕሮግራም ሥራውን በሰላም ሲጨርስ የሚመልሰው ያንኑ 0 ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ስምምነታችን ነው።

የኛው «እሺ»ስ? ሠራተኛ ለአለቃው ሲለው ፈቃድም፣ ፍርሃትም፣ «በቃ ተወኝ»ም ሊሆን ይችላል። ግሪኩና ቡልጋሪያዊው ቋንቋቸው ስለሚለያይ ደግመው ይጠያየቃሉ። እኛ ግን አንድ ቋንቋ ስለምንናገር ብቻ የተግባባን ይመስለናል። «እምቢ» ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ሲል፣ ትርጉሙን የማጣራት ዕዳው የጠያቂው ነው ባይ ነኝ።