ዘሩን የሚበላ ገበሬ

ዲዝኒ «ዘ ላየን ኪንግ»ን እ.ኤ.አ. በ1994 ሠራ። በ2019 ያንኑ ታሪክ በአዲስ ቴክኖሎጂ ደገመውና ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ብዙ ተቺዎች «ነፍስ የለውም» አሉ፤ ሰዉ ግን ትኬቱን ቆረጠ። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

ነገሩ ከትኬቱ ይጀምራል። ጫማ ለክተን እንገዛለን፤ ፊልም ግን ልካችን መሆኑን የምናውቀው ከከፈልን በኋላ ነው። የታወቀ ስም ዋስ ይሆነናል። ስቱዲዮው እንደገና የሚሸጥልን የራሳችንን ትዝታ ነው።

እኛ ጋ በብዛት የሚደገመው ርዕሱ ሳይሆን ቀመሩ ነው፦ ሀብታም ልጅ፣ ድሃ ልጅ፣ አንድ ውሸት፣ በመጨረሻ ሠርግ። ስክሪፕት የሚጽፍ ጓደኛዬ አንድ ቀን ኦሎምፒያ ማኪያቶ እየጠጣን፣ ገንዘብ ሊያወጣለት የነበረው ሰውዬ ምን እንዳለው ነገረኝ። «ታሪኩ አሪፍ ነው፤ ግን የትኛውን ፊልም ይመስላል?» የትኛውንም አይመስልም። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረ።

ሰውዬውን ፈሪ ማለት ይቀላል። እኔ ግን አልፈርድበትም። የሚያወጣው ከኪሱ ነው፤ አንዱ ፊልም ከከሰረ ሁለተኛ ላይኖር ይችላል። ዲዝኒ ግን አንድ ፊልም ቢወድቅበት ጾሙን አያድርም። የመድፈር ግዴታ እንደ አቅም መሆን ነበረበት፤ የምናየው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ያ ሁሉ ድፍረት የመጣው ከባለጠጋው አይደለም።

መድገም በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ በቅርቡ ደግሞ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ስንት ሰው በወጋየሁ ድምፅ በዛብህን አወቀ! ይሄ ውርስ ማስተላለፍ ነው።

ልዩነቱን የቅኔ ቤት በደንብ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት፤ ልኩ የቆየ ነው፣ ማንም አይነካውም። ቅኔው ግን ለዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። አሮጌ ልክ፣ አዲስ ወርቅ። አንድን ክላሲክ ደግሞ የሚሠራ ሰው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሰሙን ከአያትህ ተዋስ፣ ወርቁስ የታለ?

ወርቁ ከሌለ ኪሳራው የሁላችን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ ሲጽፉ ክላሲክ አልነበረም፤ ይነበብ አይነበብ ማንም ዋስ አልሆናቸውም። ዛሬ የምንደግመው ሁሉ ትናንት አንድ ሰው የደፈረው ነው። ሳይዘሩ ከጎተራ ማውጣት ዘሩን እንደሚበላ ገበሬ መሆን ነው። ዘንድሮ ይጠግባል፤ ረሃቡ የሚመጣው በልጆቹ ዘመን ነው።

እኛ ተመልካቾችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። «አዲስ ነገር ጠፋ» እያልን ስሙን የምናውቀውን ብቻ የምንከፍት ከሆነ፣ ያ ሰውዬ ጓደኛዬን የጠየቀውን ጥያቄ በየቀኑ እየጠየቅን ነው። ከአምስት ትኬት አንዱን እንኳ ለማናውቀው ብናወጣ፣ አንዳንዴ ገንዘባችን ይባክናል። ይባክን። ዘርም ሲዘሩት የተጣለ ይመስላል።