ከመርዶ በፊት

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከሚደጋገሙ ጥያቄዎች አንዱ «ምን አመመው?» የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ምንም! ደህና ነበር እኮ። ማታ ራቱን በልቶ ተኛ፤ ጠዋት አልነቃም።» ጠያቂው ከንፈሩን ይመጣል፤ ሌላው «የእግዜር ሥራ» ይላል፤ ወሬውም ወደ ሌላ ይዞራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ይህ መልስ ደጋግሞ ተሰምቷል። አባት በ48 ዓመቱ፣ አጎት በ51፣ የአጎት ልጅ ደግሞ ገና 40 ሳይሞላው «ደህና ነበር» ተብሎ ተቀብሯል። አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን፤ ሌላው ደግሞ ዝም ይላል።

ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ሰው ይታሰብ። ዕድሜው 42 ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ ደም ሰጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱ በስልኩ መጣ፦ «መጥፎው» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ 238። ሐኪሟ ምርመራውን አስደገመችው፤ ቁጥሩ አልወረደም። ሌላ መነሻ እንዳይኖረው ብላ የእንቅርት ዕጢውን አስመረመረች፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ ስለሚበላው ምግብ ሳይሆን ስለ አባቱ አሟሟት ጠየቀችው። ቀጥላም «እኅትና ወንድም አለህ?» አለችው። አለው። ታላቅ እኅቱ አዲስ አበባ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ታናሽ ወንድሙ ዱባይ ሾፌር ነው። እናታቸው ከእኅቱ ጋር ይኖራሉ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ከገዛ ክንዱ የተቀዳው ደም የተናገረው ነገር የእሱ ብቻ ነው ወይስ የእነሱም? ሳይጠይቁት ሊነግራቸው ይገባዋል?

መልሱን ለመፈለግ ደሙ ምን እንዳለ ማወቅ ይቀድማል። ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነት የሕዋሳቱን ግድግዳ የሚሠራበት ቅባት ነው፤ አብዛኛውንም የሚያመርተው ሰውነት ራሱ ነው። በደም የሚዘዋወረውን ኤልዲኤል መልሶ የሚሰበስበው በዋናነት ጉበት ሲሆን፣ በጉበት ሕዋሳት ላይ ኤልዲኤልን እንደ እጅ ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉ። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዘር የሚተላለፍ አንድ ጉድለት ሲኖር ግን በደንብ የሚሠሩት «እጆች» በግማሽ ያህል ያንሳሉ። ያልተለቀመው ቅባት ከልጅነት ጀምሮ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይጠራቀማል። አያምም፣ አያስልም፣ ከሥራ አያስቀርም። ከብዙ ዓመት በኋላ የተጠራቀመው ሲቀደድና ደም ሲረጋበት ልብ የሚደርሳት ደም ይቋረጣል። «ደህና ነበር» የሚባለው ሰው ለካ ለዓመታት ደህና አልነበረም።

ጉድለቱ ብርቅ አይደለም፤ ከ250 እስከ 300 ሰዎች መካከል አንዱ ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል። ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ካልታከመ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከሴቶቹ ሢሶ ያህሉ 60 ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር በሽታ ይይዛቸዋል። የሜሪላንዱ ሰው ቁጥር እንግዲህ ስለ እኅቱና ስለ ወንድሙም ይናገራል። ለየራሳቸው ዕጣ ወጥቶላቸዋል፤ ዕጣው ግን ገና አልተከፈተም።

«ዝም ይበል» የሚለው ወገን ቀላል ክርክር የለውም። የመጀመሪያው ማስረጃ ልማድ ነው። በአገሩ ወግ ክፉ ወሬ እንደ ደረሰ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ነው። በባዕድ አገር ያለ ሰው እናቱ መሞቷን ከወራት በኋላ የሰማበት ጊዜ አለ፤ «ብቻውን ነው፣ ማን ይደግፈዋል?» ተብሎ። ይህ ውሸት ሳይሆን ርኅራኄ ነው። እኅቱ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ በሰላም ውላ ስትገባ፣ በስልክ «ልብሽ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል» ማለት ምን የሚሉት ፍቅር ነው?

ሁለተኛው ክርክር ከሳይንሱ ራሱ ይመጣል። ቁጥር በሽታ አይደለም። በ1948 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን መከታተል የጀመረው ጥናት ለዓለም አዲስ ዓይነት ሰው ሰጥቷል፤ ያልታመመ፣ ጤነኛ ነው ግን የማይባል፣ «ለአደጋ የተጋለጠ» ሰው። ስለዚህ ሰው የሚነገረው ግምት ከብዙኃን የተወሰደ ነው። የአሥር ዓመት አደጋው 7.5 በመቶ ነው ሲባል እሱን ከሚመስሉ 1,000 ሰዎች 75ቱ ይታመማሉ ማለት ነው፤ እሱ ከ75ቱ ይሁን ከ925ቱ ማንም አያውቅም። ማስያውም ቢሆን ይለዋወጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ማስያ ግምቱን የሚሠራው በነጭ አሜሪካውያን ወይም በጥቁር አሜሪካውያን መረጃ ነበር፤ ጎንደር ተወልዶ ሲልቨር ስፕሪንግ የሸበተ ሰው ከሁለቱ የአንዱን ታሪክ ተውሶ ይሰላለት ነበር። በ2023 የቀረበው አዲሱ ማስያ የዘር ጥያቄውን አስቀርቷል። ደሙ ራሱም ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ የግሪክ ኦርቶዶክስ ጿሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በጾም ወራት ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በሁዳዴ መጨረሻ የተቀዳና ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ የተቀዳ ደም አንድ ቃል ላይናገሩ ይችላሉ። እንዲህ ለሚዋልል ነገር የሰው እንቅልፍ ይነሳል?

ሦስተኛው ክርክር የአቅም ነው። የሜሪላንዱ ሰው ኢንሹራንስ አለው፤ እኅቱ ለምርመራውም ለመድኃኒቱም ከኪሷ ትከፍላለች። ወንድሙ ደግሞ ምርመራን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቁት ምርመራ በዋናነት እንደ ሳንባ ነቀርሳና ኤችአይቪ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን የሚፈልግ ነው። የተመርማሪውን ዕድሜ ለማርዘም አይደለም፤ ይቆይ ወይስ ይመለስ የሚለውን ለመወሰን ነው። ደም መስጠት ማለት እንጀራን ማስያዝ ለሆነበት ሰው «ሂድና ተመርመር» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ከነዚህ ሌላ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው አራተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ኀፍረት ነው። ኮሌስትሮል የጮማ፣ የቅቤ፣ የጥጋብ በሽታ ተደርጎ ይታያል፤ ያለበት ሰው ሆዱን መግዛት ያቃተው ይመስላል። በዘር የመጣ ነው ሲባል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጋብቻ ሲታሰብ «ዘራቸው ምን አለበት?» የሚል ጠያቂ አይጠፋምና።

እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ እውነት አላቸው። ይሁንና አንድ ነገር ይስታሉ፤ መርዶና ቁጥር አንድ አይደሉም። መርዶ ያለቀ ነገር ወሬ ነው። ዛሬ ቢነገር፣ ከወር በኋላ ቢነገር፣ ሟች አይመለስም። ማዘግየቱ ርኅራኄ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው፤ ሰሚው በመዘግየቱ ሐዘኑ ይቆየው እንደሆነ እንጂ ዕድሉ አያመልጠውም። በዘር የመጣ ከፍተኛ ኤልዲኤል ግን ያላለቀ ነገር ወሬ ነው። በዝምታ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ዓመት ቅባቱ ይጠራቀማል። እዚህ ላይ የመርዶን ልማድ መከተል ልማዱን ያለ ቦታው መጠቀም ነው፤ ሰው ሳይሞት መርዶውን እንደ መደበቅ ይሆናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረትም ከዚያው ልማድ የወጣ ነው።

የቁጥሩ መዋለልም ቢሆን ለሁሉም ቁጥር እኩል አይሠራም። ከበዓል በኋላ ትንሽ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ለቤተሰብ ሁሉ የሚታወጅ ጉዳይ አይደለም፤ የባለቤቱና የሐኪሙ ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኤልዲኤሉ 190ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ግን የአሜሪካው መመሪያ ራሱ «ማስያውን ተዉት፣ ሕክምናውን ጀምሩ» ይላል። የመናገር ግዴታ እንግዲህ ከቁጥሩ ክብደት ጋር ይከብዳል። ወሬው ለሰሚው የሚጠቅም በሆነ መጠን፣ መደበቁም ያንኑ ያህል ከባድ ይሆናል።

ኀፍረቱም መሠረት የለውም። ጾም ቁጥሩን ጥቂት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ የጎደሉትን ተቀባዮች ግን አይተካም። ሁዳዴን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን የማታጎድል ቀጭን ሴት 250 ሊኖራት ይችላል፤ ጮማ የማያልፈው ጎረቤቷ ደግሞ 110። ቁጥሩ የምግባር ሚዛን አይደለም።

የሚቀረው የአቅም ክርክር ነው፤ የሜሪላንዱን ሰው በቀጥታ የሚመለከተውም ይህ ነው። የእኅቱ አቅም አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን «ማድረግ ስለማትችል አልነግራትም» ሲል በስሟ ሁለት ነገር ወስኗል፦ ማድረግ እንደማትችል፣ ማወቅም እንደማይገባት። ሁለተኛውን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው የለም። የመጀመሪያውም በከፊል በእጁ ያለ ነገር ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያወጣው ንጥረ ነገር የስታቲን መድኃኒቶች መነሻ ሆኗል። የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የፈጠራ መብታቸው ያበቃ ርካሽ ዓይነቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስታቲንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። የደሙን ምርመራ አዲስ አበባ ያሉ ላቦራቶሪዎች ይሠሩታል። እኅቱ አንድ ማለዳ ወድቃ ብትገኝ ይህ ሰው በማግስቱ ትኬት ይቆርጣል፤ ለድንኳኑ፣ ለንፍሮው፣ ለተስካሩ ይልካል፤ ከተበደረም ተበድሮ። ለቅሶ የሚከፍል እጅ ለምርመራ የማይከፍልበት ምክንያት ቢፈለግ፣ ለቅሶውን ሰው ያየዋል፣ ምርመራውን ማንም አያየውም ከማለት በቀር የሚገኝ አይመስልም።

ከዚህ የተነሳ መናገር ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን በስልክ ጥሎ መሄድ ሸክምን ከራስ አውርዶ በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ነው። የሚናገር ሰው አብሮ ለመሸከም የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ለምርመራው መላክ፣ ውጤቱን አብሮ መስማት፣ መድኃኒት ከታዘዘ እንዳይቋረጥ ማገዝ። የዱባዩን ወንድም ደግሞ ከአሠሪ ዓይን ርቆ፣ ለፈቃድ ከሚደረገው ምርመራ ለይቶ፣ ካልሆነም ለእረፍት አገር ሲገባ እንዲመረመር መርዳት።

የመርዶ ልማድ ጥበብ የሚያገለግለውም እዚህ ነው። ልማዱ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለውን ባይወስንም እንዴት እንደሚነገር ያስተምራል። በእኩለ ሌሊት አይደወልም፤ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ አይለጠፍም። ሰዓት ይመረጣል፤ ሰሚዋ ብቻዋን አለመሆኗ ይጠየቃል። ከዚያ፦ «እትዬ፣ ደሜ ሲመረመር ከአባባ የወረስኩት የሚመስል ነገር ተገኘብኝ፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ። አንቺም ልትመረመሪ ይገባል ብላለች ሐኪሟ። ብሩን እኔ እልካለሁ። ዝርዝሩን አሁን ልንገርሽ ወይስ ሌላ ቀን?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። ማወቅን ለሰው ማቅረብ ይቻላል፤ በሰው ላይ መጫን ግን ሌላ ነው። እኅቱ «ተወኝ» ብትል ስለ ራሷ ብቻ ከሆነ መብቷ ነው። ስለ ሦስቱ ልጆቿ ግን «ተወኝ» ማለት ይከብዳል፤ በዘር የመጣው ኮሌስትሮል ባለበት ቤት ልጆች 10 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እንዲመረመሩ የሚመክሩ መመሪያዎች አሉ፣ ቅባቱ የሚጠራቀመው ከዚያ ዕድሜ ቀድሞ ነውና።

እናትየውስ? ለእሳቸው ይህ ቁጥር ሌላ ነገር ይናገራል። ባላቸው በ48 ዓመታቸው የሞቱት ምናልባት ሊታወቅና ሊታከም በሚችል ነገር ነበር ይላል። «የእግዜር ሥራ» ብለው የተጽናኑበትን ሐዘን ከስንት ዓመት በኋላ «ቢታወቅ ኖሮ» ወደሚል ቁጭት ይለውጠዋል። ይህ ግን ያለቀ ነገር ወሬ ነው፤ እውነተኛ መርዶ ነው። ማዘግየትም ሆነ ሳይናገሩ መተው ለእሳቸው ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ያው አንድ ቁጥር ለእናት ዝም ሊባል፣ ለእኅት ግን ሊነገር ይገባዋል።

ታዲያ እሳቸው የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው ማለዳ ሳትበላ ወጥታ፣ ክንዷ ላይ ጥጥ ለጥፋ ስትመለስ፣ «ምን አመመሽ?» ማለታቸው አይቀርም። «ምንም አላመመኝም እማዬ፤ ሳያመኝ ልመርመር ብዬ ነው» ትላለች። እሳቸውም ነገሩ ግራ እየገባቸው ቁርስ ያቀርቡላታል።