ከሌባ መስረቅ

ለወጣቶች በሚጻፍ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። አንዱ ወገን ጊዜ ማጥፊያና ከትምህርት ማዘናጊያ ነው ሲል ይንቀዋል። ሌላው ደግሞ ሌባው በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሚያዝ ብቻ ግብረ ገብ አስተማሪ ነው ሲል ያወድሰዋል። ሁለቱም የሚመለከቱት የታሪኩን ፍጻሜ እንጂ ወደ ፍጻሜው የተኬደበትን መንገድ አይደለም። የእንዲህ ያለው ድርሰት ዋጋ ግን የሚመዘነው በመንገዱ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ኤሪክ ኬስትነር እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው «ኤሚልና መርማሪዎቹ» ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባቱ የሞተበትን ኤሚልን እናቱ የሰው ጠጕር እያጠበችና እያበጠረች ታሳድገዋለች። ልጁ አያቱን ሊጠይቅ ወደ በርሊን ሲጓዝ 140 ማርክ ትሰጠዋለች፤ 120ው ለአያቱ፣ 20ው ለራሱ ነው። ኤሚል ገንዘቡን ከኮቱ ገበር ጋር በእስፒል ያያይዘዋል። ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ገንዘቡም የለም፤ አብሮት የተሳፈረው ግሩንድአይስ የተባለ ባለባርኔጣም የለም። ወደ ፖሊስ እንዳይሄድ ደግሞ የራሱ ጥፋት ያስፈራዋል፤ በትውልድ ከተማው በቆመው የአንድ መስፍን ሐውልት ላይ አፍንጫውን በቀይ ቀለም ቀብቶ ሪዝ ሥሎበታልና።

እንግዲህ አንባቢው ሌባው ማን እንደሆነ ገና ከጅምሩ ያውቃል። የጠፋው የባለጸጋ ዕንቍ ቢሆን ኖሮ «ማን ወሰደው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ልብ ሰቅሎ ሊያቆይ በቻለ ነበር። የጠፋው ግን የአንዲት ሠራተኛ እናት ወዝ በመሆኑ ጥያቄው «እንዴት ይመለስ?» የሚል ይሆናል። የመጽሐፉ የሥነ ምግባር ክብደትም ያረፈው በዚሁ ላይ ነው።

የበርሊን ልጆች ኤሚልን ሊረዱ በተሰበሰቡ ጊዜ ክርክር ይነሣል። የመኪና ጡሩምባ ይዞ የሚዞረው ጉስታቭ፣ የሰረቀኝን መልሼ ብሰርቀው ሌባ አልባልም ይላል። «ፕሮፌሰሩ» የሚል ቅጽል የወጣለት ልጅ ይህን አይቀበልም። ተበዳዩ ኤሚል ራሱ የሚቆመው ከፕሮፌሰሩ ጎን ነው፤ የሌላውን ኪስ በስውር የዳበሰ ሰው፣ ንብረቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሌባ ነው ብሎ ያምናል። በእኛ ዘንድ «ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው» ይባላል። ተረቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ለጉስታቭ የሚያደላ ይመስላል። ሆኖም ሁለተኛውን ሰው ንጹሕ አላለውም፤ የሚጠራው ያው ሌባ ብሎ ነው።

የፕሮፌሰሩ ሐሳብ ከግትርነት የመነጨ አይደለም። ኤሚል ገንዘቡን በሌሊት ሰርቆ ቢያስመልስ ኪሱ ይሞላል፤ እውነቱ ግን ተቀብሮ ይቀራል። ግሩንድአይስም በማግስቱ ሌላ መንገደኛ ይዘርፋል፤ ለሚያያቸው ሦስተኛ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት አይኖርም። ፍትሕ የሚቆመው በዚህ ሦስተኛ ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሌባውን በገሃድ ይከተሉታል፤ ቍጥራቸው እየበዛ ሄዶ መንገዱን ይሞላሉ። ሰውዬው ባንክ ገብቶ ገንዘቡን ሊመነዝር ሲል ነገሩን የሚፈታው የልጆቹ ብዛትም ጩኸትም አይደለም። ኤሚል ኖቶቹ በእስፒል የተበሱ መሆናቸውን ይናገራል፤ ገንዘብ ከፋዩም ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያያቸው ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። መቶ ልጅ ቢጮህ ያላረጋገጠውን የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አረጋገጠችው።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ አደንዛዥ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ በየደጁ ይመራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እዚያም የሚመረምረው ልጅ ነው። ግን አእምሮውን ተነጥቆ ነው የሚመረምረው፤ የተከሰሰውም የሚከራከርበት ነገር አያገኝም፤ በሕልም ላይ መከራከር አይቻልምና። የኬስትነር ልጆች ኃይል ያልተደነዘዘ አእምሮአቸው ነው፤ የሚያቀርቡትም ጠላታቸው ሳይቀር ሊያየው የሚችል ማስረጃ ነው።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አይባልም። ግሩንድአይስ በባንክ ዘረፋ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ይገኝና ኤሚል የ1000 ማርክ ሽልማት ያገኛል። ደራሲው በዚህ ለመልካም ሥራ ደመወዝ ከፈለበት። ሽልማት ባይኖርም ቀዳዳዋ እውነት ነበረች። ይሁን እንጂ ሚዛኑን ዲንስታግ በተባለው ትንሽ ልጅ ይመልሰዋል። እርሱ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ከደስታው ሁሉ ቀርቷል፤ አያቲቱ አጥብቀው የሚያመሰግኑት ግን ይህንኑ ተግባሩን ያልለቀቀ ልጅ ነው። እኒሁ አያት ከታሪኩ ምን ትምህርት ይገኛል ሲባል፣ ገንዘብ ሁልጊዜ በፖስታ ሐዋላ መላክ አለበት ብለው ያሳርጉታል። ደራሲው ስብከቱን በሳቅ ዘግቶ ፍርዱን ለወጣቱ ተወለት።

እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1933 ናዚዎች በርሊን ላይ መጻሕፍት ሲያቃጥሉ የኬስትነር ሥራዎችም ነበሩበት፤ እርሱም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ተመልክቷል። «ኤሚል» ግን ከእሳቱ ተርፏል። ሰዎችን ያለ ማስረጃ የሚኮንን አገዛዝ፣ ጩኸት ማስረጃ እንዳልሆነ ለልጆች የሚነግረውን መጽሐፍ ሳያቃጥለው አለፈ። የልጆች ንባብ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ መሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል። ለወጣት የሚጽፍም ሆነ የሚያስተምር ግን እንዲህ ሊንቀው አይገባም። ወጣቱ ከመጽሐፉ ሊይዝ የሚገባው ሌባ መያዙን ብቻ አይደለም፤ አንድን ሰው ሌባ ከማለት በፊት ኖቱን ወደ ብርሃን ማንሣትን ነው።